ማሳያውን ስንዘጋው ቆጣሪው ለምን ይፈዛል? ሼርድ ሜሞሪ ላይ እርዱኝ

የማሾዋ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ወንድሜ ኮምቦልቻ የእህል መጋዘን አለው። ማሾና ማሽላ ይበዛል። ሰኞ የባቲ ገበያ ስለሆነ በማግስቱ በሩ ላይ መኪና ይሰለፋል። ሁልጊዜ የሚያጨቃጭቀን አንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት ኩንታል ተጫነ? ጫኞቹ አንድ ቁጥር ይላሉ። ሾፌሩ ሌላ ይላል። የወንድሜ ደብተር ደግሞ የራሱን ይላል። እኔ ደሴ ኮምፒውተር ጥገና ላይ ነው የምሠራው። ፓይተን ከዩቲዩብ ለቃቅሜያለሁ። "በሩ ላይ ካሜራ እንስቀልና ጆንያውን ማሽን ይቁጠረው" አልኩት። እሱም "አንቺ ካልሽ" አለና ገንዘቡን ሰጠኝ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሦስት ፕሮግራም አለ። አንደኛው ከካሜራው ምስል ይቀበላል፣ አንባቢ እንበለው። ሁለተኛው ምስሉን እያየ ጆንያ ይቆጥራል፣ ቆጣሪ ነው። ሦስተኛው ቢሮ ውስጥ ስክሪን ላይ ያሳያል፣ ማሳያ። ሦስቱንም ለየብቻ ነው የማስነሳቸው። ወንድሜ ማሳያው ሲሰለቸው ይዘጋዋል፤ ቆጠራው ግን አብሮ እንዲቆም አልፈልግም።

መጀመሪያ ምስሉን በሶኬት ነበር የማቀባብለው። ማሽኑ አሮጌ ነው፤ 4 ጊጋ ራም፣ ኡቡንቱ 22.04። ምስሉ 1920 በ1080፣ በሰከንድ 25 ፍሬም። ፋኑ ጩኸቱን አያቆምም ነበር። ከዚያ የፓይተንን የሼርድ ሜሞሪ ሞጁል አገኘሁ፤ ፕሮግራሞች አንድን ራም በጋራ የሚጠቀሙበት ነው። አንባቢው ስም ሰጥቶ ይፈጥራል፣ ሁለቱ በስሙ ይከፍታሉ። ወላሂ ፍጥነቱ ሌላ ነው። ፋኑም ዝም አለ።

ግን ሁለት ነገር እያበሳጨኝ ነው።

አንደኛው፣ አንዳንዴ ምስሉ ተቆርጦ ይመጣል። ላይኛው ግማሽ አዲስ፣ ታችኛው ግማሽ የቀድሞው። ጆንያ የተሸከመው ሰውዬ ወገቡ ላይ ተሰንጥቆ፣ ትከሻውና ጆንያው ወደፊት ሄዶ እግሩ ኋላ ይቀራል። ቆጣሪው ይህን ሲያይ አንዱን ጆንያ ሁለት ብሎ ይቆጥረዋል።

ሁለተኛው ነው የሚያሳብደኝ። ወንድሜ ማሳያውን ሲዘጋ ተርሚናሉ ላይ ሳይጸዳ የቀረ ሼርድ ሜሞሪ አለ፣ ላጽዳው የሚል ማስጠንቀቂያ ይወጣል። ቆጣሪው አይሞትም፣ መቁጠሩን ይቀጥላል። ማሳያውን መልሰን ስናስነሳ ግን እንዲህ የሚባል ፋይል የለም ይላል። እሺ ብዬ አንባቢውን አጥፍቼ እንደገና አስነሳለሁ። ማሳያው ይሠራል። ቆጣሪው ግን አንድ ምስል ላይ ፈዞ ይቀራል። ስህተት አይል፣ አይዘጋ። ሲፒዩ ይበላል፣ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ባለፈው አንድ ኤፍኤስአር ሙሉ ማሾ ጭኖ ሳይቆጠር ወጣ።

ማሳያው እኮ ተመልካች ብቻ ነው! አንባቢው የፈጠረውን እሱ ምን አግብቶት ነው የሚያጠፋው? አንዱ ሲጽፍ ሌላው እንዲጠብቅ ሎክ ላድርግ ብል ደግሞ የፓይተኑ ሎክ ለየብቻ በተነሱ ፕሮግራሞች መሀል አይሠራም። ምን ይሻለኛል?


ቦርከና፦

የማሾዋ፣ ለምን ሦስቱንም በአንድ ፕሮግራም ውስጥ በትሬድ አታደርጊውም? ወይ ደግሞ ምስሉን አሳንሺና ወደ ሶኬቱ ተመለሺ። ሼርድ ሜሞሪ ጣጣው ብዙ ነው። አንዱ በመሀል ሲሞት ሌላው የሚያነበው ቆሻሻ ነው። ጆንያ ለመቁጠር ይሄን ያህል መጨነቅ ምን ያስፈልጋል?


ጦሳ ማዶ፦

እህቴ አብሽሪ። ሁለቱም የታወቁ ናቸው፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው። ሁለተኛውን ላስቀድም፤ ማሾውን ያስመለጠሽ እሱ ነውና።

ሊኑክስ ላይ ሼርድ ሜሞሪ ብለሽ የምትፈጥሪው ነገር ፋይል ነው። ስላሽ ዴቭ ስላሽ ሽም የሚባለውን ፎልደር ክፈቺ፣ በሰጠሽው ስም ቁጭ ብሎ ታገኚዋለሽ። ዲስክ ላይ ግን አይደለም፣ ራም ላይ ነው። ታዲያ ስሙ እና ሜሞሪው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ፕሮግራም "አንሊንክ" ሲል የሚጠፋው ስሙ ብቻ ነው። ቀድሞ የከፈተው ሁሉ ሜሞሪውን እንደያዘ ይቀጥላል። ከበሩ ላይ ታርጋው ተነቀለ እንጂ ቤቱ አልፈረሰም፤ ውስጥ ያሉት ሰዎችም ምንም አልሰሙም።

አሁን ያንቺን ታሪክ በዚህ አንብቢው። ማሳያው ሲዘጋ ስሙን አጠፋው። አንባቢና ቆጣሪ አሮጌው ሜሞሪ ላይ አብረው ቀጠሉ፣ ስለዚህ ስህተት የለም። አዲስ የሚመጣ ግን ስሙን አያገኝም፤ ማሳያው "የለም" ያለሽ ለዚህ ነው። አንቺ አንባቢውን አጥፍተሽ ስታስነሺው በዚያው ስም ሌላ አዲስ ሜሞሪ ፈጠረ። ማሳያው አዲሱን ከፈተ። ቆጣሪው አሮጌውን እንደያዘ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚጽፍ ሰው የለም። የመጨረሻዋ ፍሬም ላይ ፈጠጠ ማለት ነው። እሱ በበኩሉ ሥራውን በትክክል እየሠራ ነው!

በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ቆጣሪው ሲፈዝ የፕሮሰሱን፣ ማለትም እየሄደ ያለውን ፕሮግራም፣ ቁጥር ያዢና ፕሮክ ውስጥ ማፕስ የምትለዋን ፋይሉን ክፈቺ። የሼርድ ሜሞሪው መስመር መጨረሻ ላይ በቅንፍ "ዲሊትድ" ብሎ ተጽፎ ታገኚያለሽ። ይህን ያየ ሰው ከዚያ በኋላ ብዙ አይደናገርም።

ማሳያው ለምን ያጠፋዋል ላልሽው፣ ጥፋቱ ያንቺ ኮድ አይደለም። ይህ ሞጁል ፓይተን 3.8 ላይ ነው የመጣው፣ 2019። ከጀርባው ሪሶርስ ትራከር የሚባል ረዳት ፕሮሰስ አለ። ፕሮግራሙ ሳያጸዳ ከሞተ እሱ ያጸዳለታል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ የፈጠረውንም ዝም ብሎ የከፈተውንም እኩል መመዝገቡ ነው። ሁሉም ከአንድ ወላጅ የተወለዱ ልጆች ከሆኑ ትራከሩ አንድ ስለሆነ አይጣሉም። ለየብቻ ሲነሱ ግን እያንዳንዱ የራሱ ትራከር አለው። ማሳያው ሲዘጋ የማሳያው ትራከር "ይሄን ሳትዘጋው ሄድክ" ብሎ ይሰርዘዋል። በእኔ አስተያየት ይህ ከጅምሩ መሆን ያልነበረበት ነገር ነው። 3.13 ላይ፣ 2024 መሆኑ ነው፣ "ትራክ" የሚል ምርጫ ተጨመረ። "ፎልስ" ካልሽው ትራከሩ እጁን ይሰበስባል።

ኡቡንቱ 22.04 ይዞት የሚመጣው ግን ፓይተን 3.10 ነው። ስለዚህ ያ ምርጫ የለሽም። አንዳንዱ ከትራከሩ መዝገብ ስሙን በእጅ የማስወጣት ዘዴ ይጠቀማል። ይሠራል፣ ግን የሞጁሉን የውስጥ ስም መነካካት ስለሚጠይቅ አልወደውም። ያንን ሞጁል ትተሽ በቀጥታ ኤምማፕ ተጠቀሚ። ፋይልን እንደ ሜሞሪ እንድታነቢውና እንድትጽፊበት የሚያደርግ ነው፤ ሞጁሉ ከፓይተን ጋር አብሮ ይመጣል። ዴቭ ሽም ስር አንድ ተራ ፋይል ክፈቺ፣ መጠኑን በኤፍትራንኬት አስቀምጪ፣ ከዚያ ኤምማፕ አድርጊው። ኑምፓይ ደግሞ በላዩ ላይ ፍሮምባፈር ብለሽ ትዘረጊዋለሽ። ትራከር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ።

ከዚያ አንድ ነገር ወስኚ፤ ማን ይፈጥራል፣ ማን ይሰርዛል? ሼርድ ሜሞሪ ላይ ከሚደርሰው ውርደት ግማሹ ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ኮድ ስለሚጻፍ ነው። ላንቺ የምመክረው፣ አንባቢው ፋይሉ ካለ ያለውን ይክፈት፣ ከሌለ ይፍጠር። ማንም አይሰርዝ። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ራም ላይ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። መብራቱም በዚህ በኩል ያግዝሻል። ቆጣሪው ቀድሞ ከተነሳ ደግሞ ፋይሉ እስኪመጣና መጠኑ እስኪሞላ ይጠብቅ።

አሁን ወደ ተቆረጠው ምስል። ቦርከና ያለው አንድ እውነት አለው። በፓይፕ ወይም በሶኬት ስትልኪ ከርነሉ፣ የሊኑክሱ ዋና አካል ማለት ነው፣ መሀል ላይ ቆሞ ያቀባብላል፣ ያስጠብቃል። ዋጋው ግን ቅጂ ነው። ያንቺ አንድ ፍሬም 1920 ሲባዛ በ1080 ሲባዛ በ3፣ 6,220,800 ባይት ነው። በሰከንድ 25 ስትይ 155 ሜጋባይት አለፈ፤ ያውም ለአንድ ተቀባይ። የሊኑክስ ፓይፕ በነባሪ 65,536 ባይት ነው የሚይዘው። አንዷን ፍሬም ለማሳለፍ ወደ 95 ጊዜ መሞላትና መራገፍ አለበት። ፋንሽ የጮኸው ወዶ አይደለም። ትሬድ ደግሞ ማሳያው ሲወድቅ ቆጣሪውንም ይዞት ይወድቃል፤ አንቺ የሸሸሽው ያንን ነው።

በሼርድ ሜሞሪ ከርነሉ ያንኑ የራም ገጽ (ራም የሚከፋፈልበት ቁራጭ) ለሁለቱም ፕሮሰስ ካርታ ላይ ያስገባና ዞር ይላል። ከዚያ በኋላ ማን ሲጽፍ ማን እንደሚያነብ አያውቅም፣ አይመለከተውምም። አንባቢው ፍሬሟን ከላይ ወደታች እየጻፈ መሀል ላይ ሲደርስ ቆጣሪው ከገባ፣ ያው ወገቡ የተሰነጠቀ ሰውዬ ነው የሚያየው።

ሎክ አንዱ መንገድ ነው። ለየብቻ ለተነሱ ፕሮግራሞች በፋይል ላይ የሚያዘው ሎክ፣ ፍሎክ፣ ይሆንሻል፤ የያዘው ፕሮሰስ ቢሞት ከርነሉ ራሱ ይለቅቀዋል። ሴማፎር የሚባለው ሌላው መጠበቂያ እንዲህ አያደርግም። ይዞት የሞተ እንደሆነ እንደተያዘ ይቀራል፣ ሌላው እድሜ ልኩን ይጠብቃል። ሆኖም ፍሎክም ቢሆን አንድ የማልወደው ነገር አለው። ቆጣሪው ሲዘገይ አንባቢው ይቆማል። ካሜራ ደግሞ አይጠብቅም፣ ፍሬም ይዘልልሻል።

እኔ ብሆን አራት ክፍል አደርገዋለሁ። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ 4096 ባይት ራስጌ፣ ከዚያ አራት የፍሬም ቦታ። ጠቅላላው 24,887,296 ባይት ነው። ራስጌው ላይ አንድ ባለ 8 ባይት ቁጥር አለ፤ መጨረሻ ተጽፋ ያለቀችው ፍሬም ቁጥር። አንባቢው ቀጣዩን ፍሬም በቀጣዩ ክፍል ይጽፋል። ተጽፎ ሲያልቅ ብቻ ቁጥሩን ከፍ ያደርጋል። ማንንም አይጠብቅም። ቆጣሪው ቁጥሩን ያነባል፣ ለአራት አካፍሎ በቀሪው ክፍሉን ያገኛል፣ ፍሬሟን ወደ ራሱ ይቀዳል፣ ከዚያ ቁጥሩን ደግሞ ያነባል። ልዩነቱ ከ3 ካነሰ ፍሬሟ ንጹህ ናት። 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንባቢው ዞሮ እዚያው ክፍል ላይ መጻፍ ጀምሮ ሊሆን ይችላል፤ ጥላው አዲሷን ትውሰድ። በሰከንድ 25 ፍሬም ማለት በየ40 ሚሊሰከንድ አንድ ነው። 6 ሜጋ ለመቅዳት ያንቺ አሮጌ ማሽን እንኳን ይህን ያህል አይፈጅበትም።

ትርፉ ደግሞ ይሄ ነው። አንባቢው መጻፍ ጀምሮ መሀል ላይ ቢሞት ቁጥሩ አልጨመረም። ያቺን ግማሽ ፍሬም ማንም አያያትም። ሲነሳ ያንኑ ፋይል ከፍቶ ቁጥሩን ካቆመበት ይቀጥላል። ቆጣሪው መሞቱንም አያውቅ።

የቀረው መፍዘዙ ነው። ቆጣሪው ቁጥሩ ለሁለት ሰከንድ ካልተንቀሳቀሰ ዝም አይበል፣ ይጩህ። ስክሪን ላይ ቀይ ያብራ፣ ስልክ ይደውል፣ የፈለግሽውን። ዝም ብሎ የሚሳሳት ማሽን ከጫኞቹ ቁጥር አይሻልም።


ተማሪው ከኮምቦልቻ፦

ጋሼ ሳላቋርጥ እኔም ልጠይቅ። እኛ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኮርስ ላይ አሳይመንት አለብን፣ በሲ። ሼርድ ሜሞሪ ውስጥ ሊንክድ ሊስት ሠራሁ። የፈጠረው ፕሮሰስ ላይ ያለ ችግር ይሄዳል። ሁለተኛው ገና የመጀመሪያዋን ኖድ አልፎ ወደ ቀጣይዋ ሲሄድ ሴግመንቴሽን ፎልት። ዳታው እዚያው አለ፣ በሄክስ አውጥቼ አይቼዋለሁ። ደግሞስ ሚውቴክሱን፣ ሎኩን ማለቴ ነው፣ እዚያው ሜሞሪ ውስጥ ባስቀምጠው ይበቃል ወይ?


ጦሳ ማዶ፦

አይዞህ ወንድሜ፣ ዳታው አለ፣ አድራሻው ነው የሌለው። ሼርድ ሜሞሪው አንተ ጋ በአንድ አድራሻ ይሰቀላል፣ ሌላው ፕሮሰስ ጋ በሌላ። ገጹ አንድ ነው፣ የሚታይበት አድራሻ ግን የየራሳቸው ነው። ያንተ "ኔክስት" የያዘው ፖይንተር ለአንደኛው ፕሮሰስ ብቻ ትርጉም አለው። ፖይንተር አታስቀምጥ፣ ኦፍሴት አስቀምጥ፤ ከሜሞሪው መጀመሪያ ስንት ባይት ርቆ እንዳለ። እያንዳንዱ ፕሮሰስ የራሱን መነሻ ይደምርበታል። በግድ አንድ አድራሻ ላይ ስቀልልኝ ማለት ይቻላል የሚል ጓደኛ ካለህ አትስማው። እዚያ አድራሻ ላይ ሌላ ነገር ቀድሞ ከተገኘ ትወድቃለህ።

ሚውቴክሱን እዚያ ማስቀመጥ አይበቃም። ሲፈጠር በአትሪቢዩቱ ፕሮሰስ ሼርድ ብለህ መንገር አለብህ። ነባሪው ለአንድ ፕሮሰስ ትሬዶች ብቻ ነው። ያለዚያም የሠራ መስሎህ ታስረክብና መምህሩ ፊት ይቆምብሃል። ሁለተኛ፣ ሮበስት አድርገው። ያኔ ሎኩን የያዘው ሲሞት ቀጣዩ ሲጠይቅ "ባለቤቱ ሞቷል" የሚል ኮድ ይመለስለታል፤ ኢኦውነርዴድ ነው ስሙ። ሎኩ ግን በእጁ ገብቷል። እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ ይቸኩላል። ሟቹ ዳታውን በምን ሁኔታ እንደተወው አታውቅም። ሊስቱን መርምር፣ ጠግን፣ ከዚያ ኮንሲስተንት የሚለውን ፈንክሽን ጥራ። ሳትጠራው ከለቀቅከው ያ ሚውቴክስ ለዘላለም ሞተ፣ ማንም አይከፍተውም።

ቮላታይል የሚለውን ቃል ደግሞ ሎክ አድርገህ እንዳትቆጥረው። የሁለት ፕሮሰስን ጽሑፍ ቅደም ተከተል አያስከብርም። ለዚያ አቶሚክ አለልህ።


ሐይቅ ዳር፦

ጦሳ ማዶ "ማን ይሰርዛል" ያለው ላይ አንድ ልጨምር። የድሮውን ሲስተም ፋይቭ ሼርድ ሜሞሪ ሰው ሁሉ ይንቀዋል፣ እኔም ለአዲስ ሥራ አልመርጠውም። ግን አዲሱ፣ የዴቭ ሽሙ ማለት ነው፣ የሌለው አንድ ነገር አለው። ከርነሉ ስንት ፕሮሰስ እንደተጣበቀበት ይቆጥራል። አይፒሲኤስ ብለሽ ስታዢ ያ ቁጥር ከፊትሽ ይወጣል። ዜሮ ከሆነ ባለቤት የሌለው ነው፣ በአይፒሲአርኤም ታጠፊዋለሽ። ሰው ተጣብቆበት እያለ ብታጠፊው ደግሞ ምልክት ይደረግበትና የመጨረሻው ሲለቅ ይጠፋል።

ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ከ9.3 ጀምሮ፣ 2013 ነው፣ ዋናውን ሜሞሪ ከሲስተም ፋይቭ ወደ ኤምማፕ አዛወረው። ምክንያቱ የከርነሉ ጣሪያ ነበር። ያኔ ነባሪው 32 ሜጋ ስለነበር ዳታቤዝ የሚተክል ሁሉ መጀመሪያ ያንን ሲያስተካክል ነበር የሚውለው። በሚቀጥለው ዓመት ሊኑክስ 3.16 ላይ ጣሪያው ከፍ አለ። ታዲያ ፖስትግሬስ ሲዛወር ትንሽዬ የሲስተም ፋይቭ ቁራጭ አስቀርቷል። ለዚያች ቆጠራ ሲል ነው። ዋናው ፕሮሰስ ሞቶ ልጆቹ ገና ሜሞሪውን እንደያዙ ከሆነ፣ አዲሱ ሲነሳ ቁጥሯን አይቶ እምቢ ይላል። የየማሾዋ አንባቢ ያላደረገው ይህንን ነው።


የማሾዋ፦

ጋሼ አላህ ይስጥልኝ፣ ዱአዬ አለልዎት። ሐይቅ ዳርም አመሰግናለሁ። ኤምማፑንም አራቱን ክፍልም ሠራሁት። ወንድሜ ማሳያውን እንደልቡ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ቆጣሪው አይፈዝም። ማፕሱ ውስጥም "ዲሊትድ" የሚል የለም። የተሰነጠቀ ሰውም እስካሁን አላየሁም።

አሁን ደግሞ ወንድሜ አማረው። ሾፌር ሲከራከር ወደኋላ መልሰን እናሳየው አለ። ክፍሎቹን ከአራት ወደ 400 ባሳድገው 16 ሰከንድ ይይዝልኛል ብዬ ሞከርኩ። ኤፍትራንኬቱ እሺ አለ፣ ኤምማፑም እሺ አለ፣ ቆጠራም ጀመረ። ትንሽ ቆይቶ አንባቢው "ባስ ኤረር" ብሎ ድርቅ። የፓይተን ትሬስባክ እንኳን የለም። ፕሮግራሙ ትክክል ካልሆነ ገና ከመነሻው ለምን እምቢ አላለኝም?

ሌላም ልጠይቅዎት። ማሽኑን ትቼ በሩ ላይ ራስበሪ ፓይ ላስቀምጥ አስቤያለሁ። ይሄው ኮድ እዚያም ይሄዳል?


ጦሳ ማዶ፦

400 ፍሬም 2.49 ጊጋባይት ነው። ዴቭ ሽም በነባሪ የራምሽን ግማሽ ነው የሚፈቅደው፣ ያንቺ 2 ጊጋ ገደማ። ዲኤፍ ብለሽ እይው። ኤፍትራንኬት መጠኑን መዝግቦ ይለፍሻል እንጂ ራም አይዝም። ራሙ የሚያዘው እያንዳንዱ ገጽ መጀመሪያ ሲነካ ነው። አንባቢው እየጻፈ ሄደ፣ ሄደ፣ ቦታው ያለቀበት ገጽ ላይ ሲደርስ ከርነሉ ሲግባስ ላከበት፤ "ባስ ኤረር" ያለሽ እሱ ነው። በዚያ ሰዓት "ቦታ የለም" ብሎ የሚመልስልሽ ፈንክሽን የለም፤ አንቺ የሠራሽው ሜሞሪ ላይ መጻፍ ብቻ ነውና። ዶከር የሚጠቀሙ ሰዎችም ይሄንኑ ያለቅሱበታል፤ እዚያ ነባሪው 64 ሜጋ ብቻ ነው።

እምቢታውን ከመነሻው ለመስማት ከኤፍትራንኬት ይልቅ ፖዚክስ ፋሎኬት ጥሪ፤ ፓይተን ኦኤስ ሞጁል ውስጥ አለ። ቦታውን እዚያው ይይዛል፣ ካልበቃ በወጉ ስህተት ይመልሳል። ለወንድምሽ ጥያቄ ግን ይህ መንገድ አይሆንም። 4 ጊጋ ካለው ማሽን ላይ 2.5 ጊጋውን ለ16 ሰከንድ ጥሬ ምስል? ሾፌሩ እኮ የሚከራከረው ጭኖ ከጨረሰ በኋላ ነው። ሌላ አራተኛ ፕሮግራም ጨምሪ። ከአራቱ ክፍል እያነበበ ጄፔግ አድርጎ ዲስክ ላይ ያስቀምጥ። ቆጣሪው አንድ ጆንያ ሲቆጥር ያቺን ፍሬም ብቻ ከነሰዓቷ ቢያስቀምጥማ ጭራሽ ይበቃሻል። አንባቢውን አትንኪው።

ፓይ ላይ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ፣ የፓዩ ኤአርኤም ፕሮሰሰር የጻፍሽውን ቅደም ተከተል እንደ ኢንቴል አያከብርም። ፍሬሟ ሳትታይ ቁጥሩ ቀድሞ ለቆጣሪው ሊታይ ይችላል። ኢንቴል ላይ የጽሑፉ ተራ ስለሚጠበቅ ነው ዘዴሽ በሰላም የሄደው። ፓይተን ላይ ይህን ተራ የሚያስጠብቅ ማገጃ በቀጥታ የምታዢበት መንገድ የለም። ስለዚህ ቁጥሩን የሚጨምረውንና የሚያነበውን ክፍል በትንሽዬ የሲ ላይብረሪ ጻፊው፤ ሲጽፍ ሪሊስ፣ ሲያነብ አኳየር፣ ከተቀዳ በኋላ ቁጥሩ ደግሞ ሲነበብ ደግሞ ከፊቱ የአኳየር ፌንስ። ከሀያ መስመር አይበልጥም። ተማሪው ከኮምቦልቻ ጊዜ ካለው ይጻፍልሽ፣ ለአሳይመንቱም ልምምድ ይሆነዋል።

ሁለተኛ፣ ራስጌውን 4096 ብለሽ በእጅ አትጻፊው። ፓይ 5 ይዞት የሚመጣው ከርነል ገጹ 16 ኪሎባይት ነው። ፋይሉን ሙሉውን ከዜሮ ጀምረሽ የምትሰቅይ ከሆነ ግድ የለም፣ ይሄዳል። አንዱን ክፍል ብቻ ነጥለሽ ልስቀል ካልሽ ግን መነሻው የገጹ ብዜት ካልሆነ ኤምማፕ እምቢ ይላል። የገጹን መጠን ኤምማፕ ሞጁሉ ራሱ ይነግርሻል፣ ከሱ ውሰጂ።


ተማሪው ከኮምቦልቻ፦

እጽፈዋለሁ ጋሼ። የማሾዋ፣ የራስጌሽን አቀማመጥ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ቁጥሩ ስንተኛው ባይት ላይ እንዳለና በ8 የሚካፈል ቦታ ላይ መሆኑን ብቻ ንገሪኝ።


የማሾዋ፦

ዜሮ ላይ ነው የሚጀምረው። አሁን ልኬልሃለሁ።